አጋፋሪ የሌለው ግብር

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ይህ ወሬ ችኮላ አይወድም።

በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የካዛንቺስ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ የሰፈሩ ሰው ጓዙን ሲጠቀልል ሰነበተ። ጋሼም አንድ ካርቶን ታክሲ ላይ ጭነው ኡራኤል፣ እኔ ቤት ድረስ መጡ። የአባቴ ባልንጀራ ናቸው፤ ስማቸው ይቆየን።

«ልጄ፣ ወይ አስነሣው፣ ወይ ቅበረው። እኔ ለመጣል እጄ አልጨከነም» አሉኝ።

ካርቶኑ ውስጥ ኮሞዶር 64 የሚባል አሮጌ ኮምፒውተር ተኝቷል። ቡናማ ገላው የተጋገረ ዳቦ ይመስላል። በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ይሠራ የነበረ አንድ ጀርመናዊ አገሩ ሊገባ ዕቃውን ሲሸጥ ነው የገዙት። የአውሮፓ ስለሆነ 220 ቮልቱም ይስማማዋል፣ ምስሉም እንደኛ አሮጌ ቴሌቪዥን ፓል ነው። ልጆቻቸው ፊደል ሳይለዩ በእርሱ ላይ ተጫውተውበታል።

አሮጌውን የኃይል መስጫ አልሰካሁትም። በሙጫ የተደፈነ ጡብ ነው፤ አርጅቶ የተበላሸ ዕለት ከ5 ቮልት በላይ ይለቅና የራም አይሲዎቹን ጠብሶ ይጨርሳል። ንጹሕ 5 ቮልትና 9 ቮልት ኤሲ የሚሰጥ ሌላ ሠራሁለት። ማብሪያውን ነካሁት። ቀዩ መብራት በራ፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሌሊት።

ጋሼ ዱካ ላይ እንደተቀመጡ፣ «ሞቷል?» አሉ።

«ይቆዩ ጋሼ።»

ጣቴን በአይሲዎቹ ጀርባ ላይ አንድ በአንድ አስኬድኩ። ቦርዱ ላይ ዩ17 የሚል ከተጻፈበት ስደርስ እጄን ሰብስቤ አነሣሁ። እንደ ምጣድ ይፋጃል።

አሁን ይህ ዩ17 ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። የድሮ ግብር ላይ አጋፋሪ የሚባል ነበር፤ በር ላይ ቆሞ ማን እንደሚገባ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስን። የኮሞዶር 64 አንጎል፣ 6510 የሚሉት፣ መጥራት የሚችለው 65,536 አድራሻ ነው። ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው እንግዳ ግን ከዚያ ይበልጣል፤ 64 ኪሎባይት ራም ብቻውን አድራሻውን ሁሉ ይሞላዋል፤ በዚያ ላይ 20 ኪሎባይት ሮም አለ፤ ምስልና ድምፅ የሚያወጡት አይሲዎች ደግሞ አሉ። አንድ አድራሻ ሲጠራ ሁለት ሦስቱ «አቤት» ሊሉ ነው። «አንተ ዝም በል፣ አንተ መልስ» የሚለው ዩ17 ነው። አጋፋሪው ሲሞት ወይ ሁሉም ባንዴ ይጮኻል፣ ወይ ሁሉም ዝም ይላል።

ምትኩን የሚያመርት ፋብሪካ ደግሞ የለም። ማሽኑ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ ኩባንያው በ1994 ከሰረ። 40 ዓመት የሞላው ሌላ አይሲ ፈልጎ መተካት በሽተኛን በበሽተኛ መለወጥ ነው። ለዚህ ነው በየአገሩ ያሉ ወዳጆቹ አዲስ የሚሠሩለት። ቦብ ያነስ ለነደፈው ሲድ ለተባለው የድምፅ አይሲ እንኳ በዘመናዊ ማይክሮኮንትሮለር ተተኪ ሠርተውለታል። የጋሼ ሲድ ደኅና ነበር፤ የኔ ጭንቀት አጋፋሪው ነው።

አጋፋሪው 16 ጥያቄ ሰምቶ በ8 አፍ ይመልሳል። 16 ጥያቄ ማለት 65,536 ዓይነት ሁኔታ ነው። እያንዳንዱ መልስ ከታወቀ ቦታውን ለሌላ መስጠት ይቻላል። ሶኬቱ ማን እንደሠራህ አይጠይቅም፤ ምን ብለህ እንደምትመልስ እንጂ። መልሱን ደግሞ አይሲውን ከፍተው አጥንተው በነጻ የሰጡን አሉ።

ምን አለሽ ተራ ወረድኩና ከተጣለ ቦርድ ላይ 27ሲ512 የተባለ ኢፕሮም ነቅዬ ገዛሁ። 16 መግቢያ፣ 8 መውጫ፤ ልክ በልክ። ጀርባው ላይ የመስታወት መስኮት አለው፤ በዚያ የሚገባ ብርሃን የቀድሞ ጽሑፉን ያጠፋል። የማጥፊያ መብራት ስላልነበረኝ ጣሪያ ላይ እንደ በርበሬ ፀሐይ አሰጣሁት፤ ሳምንት ያህል ፈጀ። ከዚያ 65,536ቱን መልስ ጻፍኩበት፣ እግሮቹን በትንሽ ቦርድ አዛውሬ ዩ17 ላይ ተከልኩት።

ስክሪኑ በራ! ግን ከአሥር ደቂቃ በኋላ የማይነበብ ምልክት ተረጨበት። ኢፕሮም መልሱን ያውቃል፤ ጥያቄው ሲለዋወጥ ግን እስኪረጋ ድረስ ይቀባጥራል። አጋፋሪ ደግሞ ለቅጽበትም ቢሆን የተሳሳተ ሰው ማስገባት የለበትም።

ስለዚህ ሲፒኤልዲ የሚባለውን አይሲ ሰው በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ይህኛው ሰንጠረዥ አያነብም፤ ውስጡ ያሉት በሮች ራሳቸው በፈለግነው ሥርዓት ይገናኛሉ፤ መልሱ ሳይንገዳገድ ይወጣል። በ3.3 ቮልት ስለሚሠራ አጠገቡ የቮልት መቀነሻ አስቀመጥኩለት። በዩ17 ሶኬት ላይ የጥፍር ያህል አረንጓዴ ቦርድ ተቀመጠ። ሰማያዊ ስክሪን፣ 38911 ባይት ነጻ ነው የሚል መስመር፣ ከሥሩ «ሬዲ»። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔም ዝም አልኩ።

እዚህ ላይ ባቆም ደግ ነበር። ግን ያ ኢፕሮም ሥራ ፈትቶ አየሁት። ማሽኑ የፊደሎቹን መልክ የሚያነብበት ሮም አለ፤ ሁለት ገበታ፣ እያንዳንዱ 256 ቦታ። ኢፕሮሙን በእርሱ ቦታ ልተካው አሰብኩ። የኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231! ሌሊቱን ተቀምጬ 8 በ8 ነጥብ ላይ ሣልኩት። የሐ ሦስት እግር 5 ነጥብ ይበላል፤ ሔ ሲሆን፣ ከጎረቤቱ የሚለይበት 1 ነጥብ ተነሥቶለት፣ ለቀለበቱ 2 ብቻ ይቀራል። በግድ አስገባሁት።

ከሀ ጀምሬ በተራ ሁለተኛው ገበታ ላይ ደረደርኩና ገበታ የሚቀይሩትን ሁለት ቁልፎች ባንዴ ተጫንኩ። ስክሪኑ በሤ ተሞላ። አንድ ሺህ ቦታ፣ ከጥቂቱ በቀር፣ ሤ ሤ ሤ። «ሬዲ» የነበረው «ሔህሁሄሜሴ» ሆነ። ጠቋሚው «ሤ»፣ «ዮ»፣ «ሤ»፣ «ዮ» እያለ ይብለጨለጫል። ለካ 32ኛው ቦታ ለባዶ ቦታ፣ 160ኛው ለጠቋሚው የተቀመጠ ነው፤ እኔ ሤን እና ዮን አስቀምጬባቸዋለሁ።

ሁለቱን ቦታ ለቀቅኩ። 231 እና 2፣ የግእዝ ቁጥር 20፣ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝና ሁለት ነጥብ፤ ድምሩ 256። አንድም ሳይተርፍ። ደስታዬን አልችል ብዬ ጋሼን በስልክ ጠራኋቸው።

መጡ። ዱካው ላይ ተቀመጡ። ገበታውን ከሀ እስከ ፐ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት።

«እስቲ ልጄ» አሉ፣ «‹ቋንቋ› ብለህ ጻፍልኝ።»

ቋ የለም። 33 በ7 ውስጥ እነ ቋ፣ እነ ሏ አይገቡም፤ ቨም ውጭ ቀርቷል። ጋሼ ምንም አላሉም፤ ሻያቸውን ፉት አሉ።

በማግሥቱ ፼ን፣ ፺ን እና ፹ን ከገበታው አስወጣሁ። ቋ፣ ሏ እና ቨ ገቡ። ኢፕሮሙ መስኮቱን ወደ ላይ አድርጎ ጣሪያው ላይ ነው። ሦስተኛ ቀኑ።