ጠብታው ከየት ይነሣል? የጓርኒሲዮን ታሪክ ከደጀን እስከ ሞጣ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ትምህርት ክፍል መድረክ የማይመጥን ሊመስል ይችላል። የምናገረው ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦርነት ሳይሆን፣ በሁለት ብረቶች መካከል ገብቶ የሞተር ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስለሚያግደው ስስ ነገር ነው፤ መካኒኮቻችን ጓርኒሲዮን ስለሚሉት። ይህን ርእስ እንድመርጥ ያደረገኝ በቢቸና ከተማ፣ በአንድ ቤት ግቢ ውስጥ ያሳለፍኩት ከሰዓት በኋላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አርበኞች የቃል ታሪክ ለመሰብሰብ ከደጀን ተነሥቼ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ እጓዝ ነበር። አሮጌዋ መኪናዬ ዘይት ታንጠባጥባለች። ከጉዞው በፊት በአንድ ጋራዥ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ማለትም የኮፓው፣ ጓርኒሲዮን ሁለት ጊዜ ተቀይሮላት ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳምንት ሳይሞላ ጠብታው ተመልሷል። ያረፍኩበት ቤት ጎረቤት የሆኑ አዛውንት፣ በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ረዳት፣ ኋላም ሹፌር የነበሩ፣ መሬቱ ላይ ያለውን ጥቁር ነጠብጣብ አዩ።

«ጋሼ፣ ኮፓው ነው ብለውኛል» አልኳቸው።

«መምህር፣ የሚወድቅበትንማ እኔም አየሁት፤ የሚነሣበትን ነው የምፈልገው» አሉኝ።

ምንም ሳይፈቱ በፊት ሞተሩን በናፍጣ በራሰ ጨርቅ አጸዱት፤ ሲደርቅም ጥቂት ዱቄት ነሰነሱበትና ለአጭር ጊዜ እንዳስነሣው አዘዙኝ። የመጀመሪያው እርጥብ መስመር የታየው ከታች ሳይሆን ከላይ፣ የፑንቴሪያው ሽፋን ከቴስታታው ጋር በሚገጥምበት ጠርዝ ነበር። ዘይቱ ከዚያ ተነሥቶ በሞተሩ ጀርባ እየወረደ ኮፓው ከንፈር ላይ ይጠራቀማል፤ ከዚያም ይንጠባጠባል። ሁለት ጊዜ የተቀየረው ጓርኒሲዮን ምንም ጥፋት አልነበረበትም።

ሽፋኑ ሲከፈት የቡሽ ጓርኒሲዮኑ ደርቆና ተሰነጣጥቆ ተገኘ። አዛውንቱ ግን አዲስ ከመሥራታቸው በፊት የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦ ነቅለው ተመለከቱ፤ በዝቃጭ ተደፍኗል። በፒስተኑ ፋሻ በኩል ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ የሚገባው ጋዝ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱም ዘይቱን በደካማው መጋጠሚያ በኩል ይገፋዋል። መተንፈሻው ካልተጠረገ አዲሱም ጓርኒሲዮን እንደ አሮጌው ያፈሳል። ቱቦውን አጠቡ። የሽፋኑን ጠርዝ ዘይት ቀብተው በካርቶን ላይ አተሙት፤ የታተመውንም ቅርጽ በምላጭ ቆረጡ። የአሮጌውን ቅሪት የፋቁት በእንጨት ነበር፤ ብረት አሉሚኒየሙን ይቧጭረዋልና። ብሎኖቹን ከመሐል ወደ ዳር፣ በመስቀለኛ፣ በጥቂት በጥቂቱ አጠበቁ። ከመጠን በላይ ማጥበቅ ሽፋኑን አጣሞ አዲስ ማፍሰሻ ይከፍታል አሉኝ። «ይህ እስኪገኝ ነው፤ ሲገኝ የቡሹን ያስገቡላት።» የቴስታታውስ ጓርኒሲዮን በካርቶን ይሠራ እንደሆነ ብጠይቃቸው ሣቁ። እዚያ የሚታገደው ዘይት ብቻ ሳይሆን የሚቃጠለው ነዳጅ እሳትና ግፊት ስለሆነ፣ በፋብሪካ ከተሠራው በቀር የሚችለው የለም። ሞጣ ደርሼ ስመለስ መኪናዋ የቆመችበት መሬት ደረቅ ነበር።

በዚያ ግቢ የሰማኋቸውን ቃላት በማስታወሻዬ ጽፌያለሁ፦ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ቴስታታ፣ ፑንቴሪያ፣ ኮፓ፣ ጓርኒሲዮን። ሁሉም ምንጫቸው ጣልያንኛ ነው። ወዲያው የሚመጣልን ማብራሪያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው ወረራ ነው። ነገር ግን ያለነው ቢቸና መሆኑን አንርሳ። ይህ አገር በላይ ዘለቀና ተከታዮቹ ጠላትን የተዋጉበት፣ የጣልያን ሥልጣን ከምሽጉ ብዙም ያልራቀበት አገር ነው። የወራሪው እጅ እምብዛም ባልጸናበት ገጠር የወራሪው ቋንቋ በየመኪናው ሥር የሚነገረው እንዴት ነው? እዚህ ላይ የአዛውንቱ ጥያቄ ወደ እኛ ሙያ ይመለሳል። እኛም ቃሉ የወደቀበትን አይተን የተነሣበትን ያወቅን ይመስለናል።

የጋራዡን ቃላት በንብርብር ብናያቸው የተሻለ ይታየናል። አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለዳግማዊ ምኒልክ የቀረበችው የእንግሊዝ ሥራ የሆነችው ሲድሊ ነበረች። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። «ሹፌር» እና «ጋራዥ» የተባሉት የፈረንሳይኛ ቃላት ከዚህ የቀደመ ዘመን ጋር የሚስማሙ ናቸው። ሁለተኛው ንብርብር የወረራው ዘመን መንገድና የጭነት መኪና ነው። ሦስተኛውና ለቢቸና ወሳኝ የሚመስለኝ ግን ከነጻነት በኋላ ያለው ነው። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ብዙ ጣልያናውያን ባለሙያዎች በአዲስ አበባና በአስመራ ቀርተው ጋራዥና የብረታ ብረት ሥራ ቤት ከፈቱ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ለዚህም የዓለም ባንክ ብድር ረድቷል። በ1952 እ.ኤ.አ. መሠራት የጀመረው ፊያት 682 ወደ አገራችን ገባ፤ ኋላ የመጣውን ዓይነት ሕዝቡ «ኤንትሬ» ብሎ አወቀው። በ1970 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አምቼም የፊያትን፣ በኋላም የኢቬኮን የጭነት መኪናዎች እዚሁ መገጣጠም ጀመረ።

ስለዚህ ድምዳሜዬ ይህ ነው፦ «ጓርኒሲዮን» ቢቸና የደረሰው በወታደር አፍ ሳይሆን በኢትዮጵያዊ ሹፌርና በረዳቱ አፍ ነው። ረዳት ሥራውን የሚጀምረው መኪና በማጠብ፣ ጎማ በመደገፍ፣ ክሪክ በማቅረብ ነው። ሹፌሩ ከመኪናው ሥር ሆኖ «ካቻቪቴ!» ሲል ረዳቱ ሌላ መሣሪያ ካቀበለ ይገሠጻል፤ በዚህ መልክ ቃሉን ከነሥራው ይማራል። መጽሐፍ የለም፤ የምስክር ወረቀትም የለም።

መንገዱም አስተማሪ ነበር። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ያለው ዳገት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ጭነት የያዘ ሞተር እዚያ ይግላል፤ ደጋው ላይ ሲያድር ይቀዘቅዛል፤ መጋጠሚያዎቹ በዚህ መለዋወጥ ይደክማሉ። ከደጀን በጮቄ ተራራ ምሥራቅ በኩል ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ የሚወስደው መንገድ ለረጅም ዘመን ጠጠር ነበር፤ ንዝረቱ ብሎን ያላላል። መለዋወጫው ያለው አዲስ አበባ ነው። በክረምት ጭቃ መካከል ዘይቱ ያለቀበት ሹፌር ያለው ምርጫ ካርቶን መቁረጥ ብቻ ነበር። ቃሉ ከውጭ መጣ፤ ካርቶኑን ያተመው እጅና ጠብታውን እስከ ምንጩ የተከተለው ዓይን ግን የዚህ አገር ነው።

ዛሬ ይህ ንብርብር በሌላ እየተሸፈነ ነው። የጃፓን መኪና የለመዱ ወጣት መካኒኮች «ጋስኬት» እና «ኦይል ሲል» ይላሉ፤ ከካርቶን ይልቅም ከቱቦ የሚጨመቅ ሲሊኮን ይቀባሉ። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። ሲሊኮኑ ከበዛ ግን ትርፉ ወደ ውስጥ ወድቆ የዘይቱን ወንፊት ይደፍናል። አሮጌውንም ዕውቀት ያለ ነቀፌታ ማወደስ አይገባንም። ከድሮዎቹ ጓርኒሲዮኖች ብዙዎቹ አስቤስቶስ ነበረባቸው፤ በደረቁ ሲፋቁ የሚነሣው ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። በየግቢው መሬት ላይ የፈሰሰው የተቃጠለ ዘይትም አፈሩንና ውኃውን ይበክላል። ታሪክ ሲጻፍ እነዚህም አብረው ይጻፋሉ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልናዘዝ። በዚያ ከሰዓት በኋላ የድምፅ መቅጃዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ስለ አርበኞች ለምጠይቃቸው ሰዎች ባትሪውን ቆጥቤ ይዤው ነበርና አላወጣሁትም፤ በፊቴ ያለው ታሪክ መሆኑ አልታሰበኝም። በሁለተኛው ዓመት መቅጃዬን ይዤ ወደ ቢቸና ስመለስ አዛውንቱ ዐርፈው ነበር። ከእርሳቸው የቀረኝ በዘይት የቆሸሸ ሁለት ገጽ ማስታወሻ ነው። በትምህርት ክፍላችን ካሉት የቃል ታሪክ ቅጂዎች መካከል ስለ መሬት ሥሪትና ስለ አርበኝነት የሚናገሩ አሉ፤ ስለ ጋራዥ የሚናገር አንድም የለም።

ውድ ተማሪዎች፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ በየከተማችሁ በዕድሜ የገፉ ሹፌሮችና ረዳቶች ዛሬም አሉ። መቅጃችሁን ቀድማችሁ አውጡ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ደግሞ ከቢቸናው አዛውንት ተዋሱ፦ የሚወድቅበትን አይተናል፤ የሚነሣው ከየት ነው?