የሱንዮን ዐምዶችና የላውርዮን ጕድጓድ

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ ለዚህ መጽሔት አንድ የታሪክ ድርሰት እንድናዘጋጅ በተጠየቅን ጊዜ፥ ስለ ሩቅ አገር ብንጽፍ ለአንባቢ ምን ይጠቅመዋል ብለን ጥቂት አመንትተን ነበር። ይሁን እንጂ በዐይናችን ያየነውን በመጻሕፍት ካነበብነው ጋራ አስተባብረን ብናቀርበው አያሰለችም በማለት፥ በግሪክ አገር ወደ ሱንዮን ያደረግነውን የግማሽ ቀን ጉዞና ከዚያ ያገኘነውን ትምህርት እንደሚከተለው ጽፈነዋል።

ባለፈው ክረምት እኛ አራት ተማሪዎች ከታሪክ መምህራችን ጋራ ለተማሪዎች ስብሰባ ወደ አቴና ሄደን ነበር። ስብሰባው ተፈጽሞ ለመመለስ አንድ ቀን ሲቀረን መምህራችን፥ «ልጆች፥ ከሰዓት በኋላ ዕቃችሁን ትሸክፋላችሁ፤ ጧቱ ግን የእናንተ ነው። ወዴት እንሂድ?» ብለው ጠየቁን። ሁላችንም በአንድ አፍ «ወደ ባሕር!» አልን። ከአውሮፕላን መስኮት ቍልቍል ካየነው በቀር ከመካከላችን ባሕርን በቅርብ ያየ አንድም አልነበረምና ነው። ርሳቸውም ፈገግ ብለው፥ «እንግዲያውስ ባሕሩንም፥ የጥንት ሰዎች የባሕር አምላክ ይሉት ለነበረው የሠሩትንም ቤት እናያለን» አሉን። ከብዙ መንገደኛ ጋራ በአውቶቡስ ከመሄድም ለብቻችን አንድ መኪና ከነሹፌሩ ተከራየን፤ ይህም በኋላ እንደምንተርከው በጣም ጠቀመን።

ሱንዮን አቲካ የሚባለው ምድር በስተ ደቡብ የሚያልቅበት፥ ወደ ባሕር የሾለ ገደላማ ጫፍ ነው። ከአቴና 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገዱ የባሕሩን ዳር ይዞ የሚጠመዘዝ ስለ ሆነ፥ ሰማያዊው ውሃ በቀኝ በኩል ሳይለየን እኛም ከመስኮቱ ሳንለይ ተጓዝን። ሹፌራችን በዕድሜ የገፉ፥ በእንግሊዝኛ የሚያጫውቱ ደግ ሰው ነበሩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከተጓዝን በኋላ በጣታቸው ወደ ፊት ሲያመለክቱን፥ ከገደሉ አናት ላይ ነጫጭ ዐምዶች ቆመው አየን።

ይህ ስፍራ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ሆሜሮስ በኦዲሲ ድርሰቱ ሱንዮንን ቅዱስ የአቴና ጫፍ ብሎ ይጠራዋል፤ ከትሮይ ጦርነት ሲመለስ የነበረው የንጉሥ ሜኔላዎስ መርከብ መሪም በዚያ እንደ ሞተና እንደ ተቀበረ ይተርካል። ለመርከበኛ ይህ ጫፍ ወደ አቴና ሲመለስ የአገሩን ምድር የሚያይበት፥ ሲወጣም የሚሰናበትበት ስለ ነበረ፥ ሰዎች ለፖሲዶን የሚሳሉበት ቦታ መሆኑ አያስደንቅም። ቀድሞ የተዠመረውን ቤተ መቅደስ የፋርስ ንጉሥ የክሴርክሲስ ሠራዊት በ480 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት አፈረሰው። በዚያው ዓመት ግሪኮች በሳላሚስ የባሕር ጦርነት ድል ባደረጉ ጊዜ፥ ከማረኳቸው የፊንቄ የጦር መርከቦች አንዱን ለሱንዮን መባ አድርገው እንደ ሰጡ ሄሮዶቱስ ጽፏል።

ዛሬ የሚታየው ቤተ መቅደስ ግን የተሠራው በፔሪክሊስ ዘመን፥ በ444 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ ነው። ርዝመቱ 31 ሜትር፥ ወርዱ ከ13 ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ዙሪያውን ቆመው ከነበሩት 34 ዐምዶች ከግማሽ የሚያንሱት ቀርተዋል። እያንዳንዱ ዐምድ 6 ሜትር ያህል ቁመት ሲኖረው፥ ከላይ እስከ ታች የተፈለፈሉት መስመሮች በሌሎች የዶሪክ ቤተ መቅደሶች እንደ ተለመደው 20 ሳይሆኑ 16 ናቸው። የአቴናው ፓርቴኖን የተሠራበት እብነ በረድ በዘመን ብዛት ወደ ወርቅማ ቀለም ሲያደላ፥ የሱንዮኑ ግን እንደ ነጣ ይኖራል። ምክንያቱን መምህራችንን ብንጠይቃቸው፥ ድንጋዩ ከዚያው ከቅርብ ሸለቆ ከአግሪሌዛ የተፈለጠና ብረት የሌለበት ስለ ሆነ ነው አሉን። ይህን የሸለቆ ስም አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

በ2ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ ግሪክን ዞሮ የጻፈው ፓውሳንያስ ይህን ቤት የአቴና የሴቲቱ አምላክ ቤት ነው ብሎ ነበር። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በተደረገው ቍፋሮ የተገኘ የድንጋይ ጽሑፍ የፖሲዶን መሆኑን አስረዳ፤ የአቴናይቱም ቤት መሠረት ከዚያ ዝቅ ብሎ በሌላ ጕብታ ላይ ይገኛል። እንግዲህ ታላቅ ጸሐፊም ሊሳሳት እንደሚችልና መጽሐፍን ከምድሩ ጋራ ማስተያየት እንደሚገባ ከዚህ ተረዳን።

በአንዱ ዐምድ ላይ በ1810 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወደዚህ የመጣው የእንግሊዝ ባለቅኔ የባይረን ስም ተቀርጾ ይታያል ይባላል። ዛሬ ገመድ ስለ ተከለለ ማንም አይጠጋም። መምህራችን ይህን ሲነግሩን ከመካከላችን አንዱን ትክ ብለው ቢመለከቱት አንገቱን ደፋ፤ በክፍላችን የኋላ ዴስክ ላይ የማን ስም እንደ ተቀረጸ ሁላችንም እናውቃለንና።

እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ የሚነካ አንድ ነገርም አለ። በኦዲሲ መጀመሪያ ፖሲዶን ከአማልክት ጉባኤ የታጣው ለምንድን ነው ቢሉ፥ ወደ ሩቆቹ ኢትዮጵያውያን ለመሥዋዕት ሄዶ ነው ይላል። ሆሜሮስ በዚህ ስም የሚጠራቸው ከዓለም ዳርቻ ያሉትን ጥቍር ሕዝቦች ሁሉ እንጂ የዛሬይቱን አገራችንን ብቻ አይደለም። ነገር ግን በ6ኛው መቶ ዓመት፥ በዐፄ ካሌብ ዘመን፥ ኮስማስ የሚባል ነጋዴ በቀይ ባሕር ዳር በአዱሊስ ከእብነ በረድ ዙፋን ላይ የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ አለ። በዚያ ጽሑፍ ከክርስትና በፊት የነበረ አንድ የአክሱም ንጉሥ፥ በባሕር ለሚጓዙት ሰዎች ሲል ለፖሲዶንም ጭምር መሥዋዕት ማቅረቡን ይናገራል። ስለዚህ በሱንዮን ገደል የነበረው የመርከበኛ ሥጋት በአዱሊስም ወደብ የታወቀ ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁሉ አይተን ስንጨርስ ገና ሁለት ሰዓት ያህል ቀርቶን ነበር። ከገደሉ ሥር አሸዋማ የባሕር ዳር ስላለ፥ ልብሳችንን አውልቀን ለመዋኘት ቸኰልን። በዚያን ጊዜ ሹፌራችን ወደ ሰሜን ያሉትን ደረቅ ኮረብቶች እያሳዩ፥ «እንግዶች ሁሉ ዐምዱን አይተው፥ ዋኝተው ይመለሳሉ። አያቴ የሠራበትን ግን የሚጠይቀኝ የለም» አሉ። አያታቸው የላውርዮን ማዕድን ቈፋሪ ነበሩ። መምህራችንም፥ «ጊዜው ለአንዱ እንጂ ለሁለቱም አይበቃም፤ ድምፅ ስጡ» አሉን። ሁለታችን ለባሕሩ፥ ሁለታችን ለማዕድኑ ሆንን። ጥቂት ዝም ተባባልን። በመጨረሻ፥ ከሁሉ ይልቅ ባሕሩን ሲናፍቅ የነበረው ታናሻችን የሽማግሌውን ፊት አይቶ፥ «እንሂድ» አለ። መኪናው የራሳችን ባይሆን ኖሮ ይህን መምረጥ ባልቻልን ነበር።

ጥቂት ኪሎ ሜትር ተጕዘን የላውርዮንን ከተማ አልፈን ቶሪኮስ ደረስን። በዚያ ከኮረብታው ጥግ ካለው ጥንታዊ ቲያትር አጠገብ የማዕድን ዋሻ አፍና የማዕድን ማጠቢያ ይገኛል። በዚህ አገር ብር የሚገኘው ከእርሳስ ጋራ ተቀላቅሎ ነው። ቈፋሪዎቹ በጨለማ ውስጥ በዘይት ኩራዝ እየሠሩ ድንጋዩን ያወጣሉ፤ ይፈጫል፤ ወንዝ ስለሌለ በጕድጓድ በተጠራቀመ የዝናም ውሃ በተዳፋት ድንጋይ ላይ ይታጠባል፤ ከዚያ በእሳት ቀልጦ ብሩ ከእርሳሱ ይለያል። አብዛኛው ዋሻ አንድ ሜትር እንኳ ከፍታ ስለሌለው ሰው የሚገባበት ጐንበስ ብሎ ወይም ተኝቶ ነው። ከኛ አንዱ ከውጭ ሆኖ ለመለካት ቢንበረከክ ጕልበቱ ወዲያው ታመመ።

በ483 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ብዙ ብር በተገኘ ጊዜ፥ የአቴና ሰዎች ለያንዳንዳቸው 10 ድራክማ ሊካፈሉ ተነሥተው ነበር። ቴሚስቶክሊስ ግን ገንዘቡ ለጦር መርከብ ይዋል ብሎ አሳመናቸው። በሳላሚስ ድል ያደረጉት እነዚያ መርከቦች ናቸው። እንግዲህ ያ የሱንዮን መባ የተገኘው ከዚህ ጕድጓድ በወጣ ብር ነው ብንል ስሕተት አይሆንም።

ጕድጓዱ ውስጥ የነበሩት ግን ባሮች ናቸው። ክሴኖፎን እንደ ጻፈው፥ ኒኪያስ የተባለው ባለጠጋ የአቴና ጦር አዛዥ 1000 ባሮች ለማዕድን ሥራ ያከራይ ነበር፤ ኪራዩም በያንዳንዱ ሰው በቀን አንድ ኦቦል ሆኖ፥ ተከራዩ ቍጥሩን ሳያጐድል እንዲመልስ ግዴታ ነበረበት። ስድስት ኦቦል አንድ ድራክማ ነው፤ በዚያ ዘመን በአቴና የድንጋይ ጠራቢ የቀን ደመወዝ አንድ ድራክማ ነበር። ቍጥሩ እንዳይጐድል ማለት፥ የሞተው በሌላ ይተካ ማለት መሆኑን ስናስተውል ሁላችንም ዝም አልን። የቤተ መቅደሱ እብነ በረድ የተፈለጠበት ያ የአግሪሌዛ ሸለቆም የማዕድን ማጠቢያዎች የሞሉበት ነው። ዐምዱና ብሩ ከአንድ ሸለቆ ወጡ።

ባሮቹም ዝም ብለው አልቀሩም። በፔሎፖኔዝ ጦርነት፥ በ413 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የስፓርታ ጦር በአቲካ ምሽግ በሠራ ጊዜ ከ20,000 የሚበልጡ ባሮች ከአቴናውያን እንደ ኰበለሉ ቱኪዲደስ ጽፏል። አቴናውያንም እህል የሚያመጡላቸውን መርከቦች ለመጠበቅ ሱንዮንን በግንብ አጠሩት። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ግን፥ በ100 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ፥ የላውርዮን ባሮች ዐምፀው ጠባቂዎቻቸውን ገደሉ፤ ያንኑ የሱንዮን ምሽግ ያዙ፤ ለብዙ ጊዜም አቲካን አስጨነቁ። በጕድጓድ የኖሩት ሰዎች በነጭ ዐምዶቹ አጠገብ ቆመው ባሕሩን ያዩት በዚያን ጊዜ ነው። የአንዳቸውም ስም በዐምዱ ላይ አልተቀረጸም።

ስንመለስ ሹፌራችን መኪናቸውን በባሕር ዳር አቁመው፥ «ዐሥር ደቂቃ» አሉን። ጫማችንን አውልቀን እግራችንን በውሃው ውስጥ ነከርን። ባሕሩ እንደ ጠበቅነው ጨዋማና ቀዝቃዛ ነበረ። ስላልዋኘን ማንም አልተጸጸተም።

ውድ አንባብያን፥ ይህን የጻፍነው የግሪኮችን ጥበብ ለማቃለል አይደለም፤ ያን የመሰለ ውብ ሥራ ባናደንቅ አላዋቂዎች እንባላለን። ነገር ግን ታሪክ የሚማር ሰው ዐምዱን ሲያይ ድንጋዩ ከየት መጣ፥ ማንስ ፈለጠው ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። የኛም ትምህርት ቤት በበሩ ላይ መሠረቱን ያስቀመጡት ታላላቅ ሰዎች ስም ተጽፎበታል፤ ይህም ተገቢ ነው። ድንጋዩን የጠረቡት፥ ጭቃውን ያቦኩት፥ ውሃ የተሸከሙት እናቶች ግን ስማቸው የትም የለም። ስለዚህ የታሪክ ክበባችን በሚመጣው ዓመት በሰፈሩ ያሉትን አረጋውያን እየጠየቀ የእነዚያን ሠራተኞች ስም ለመሰብሰብ አስቧል። ወላጆችና መምህራን የምታውቁትን እንድትነግሩን በትሕትና እንለምናለን።