አንድ ግርዶሽ፣ ሁለት ምስክር



የዛሬው ንግግሬ ርዕስ የሥነ ፈለክ ይመስላል፤ ጥያቄው ግን የታሪክ ነው። ሁለት ሰዎች አንድን ክስተት በአንድ ቀን አይተው፣ ሁለቱም እውነቱን ተናግረው፣ ቃላቸው ግን የሚጋጭ ቢሆን የታሪክ ጸሐፊ ምን ያደርጋል? አንደኛው «ፀሐይ ጠፋች፤ ቀኑ ጨለመ» ይላል። ሁለተኛው «ፀሐይ አልጠፋችም፤ የእሳት ቀለበት ሆና ታየች» ይላል። በተለመደው የምንጭ ትችት ከሁለቱ አንዱን ለመጣል እንቸኩላለን። ድቅል የፀሐይ ግርዶሽ ግን ሁለቱንም እንድንቀበል ያስገድደናል።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ። ጨረቃ ወደ ህዋ የምትጥለው ድቅድቅ ጥላ ጫፉ እየሾለ የሚሄድ ነው። ርዝመቱ ከ370,000 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ጨረቃ ከምድር ያላት ርቀት ደግሞ ከ356,000 እስከ 407,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይለዋወጣል። ጨረቃ ስትቀርብ የጥላው ጫፍ ምድርን ይነካል፤ ግርዶሹም ሙሉ ይሆናል። ስትርቅ ጫፉ ምድር ሳይደርስ ያልቃል፤ በዚህ ጊዜ ቀለበታዊ ግርዶሽ ይታያል። በሁለቱ መካከል ጠባብ ወሰን አለ። ምድር ድቡልቡል ስለሆነች፣ ፀሐይ በአናቱ ላይ ያለችበት አገር ፀሐይ ከምትወጣበት ወይም ከምትጠልቅበት አገር ይልቅ እስከ 6,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ለጨረቃ ይቀርባል። የጥላው ጫፍ በዚህ ልዩነት ውስጥ ሲወድቅ፣ ያው ግርዶሽ በአንዱ አገር ሙሉ፣ በሌላው ቀለበታዊ ይሆናል። ድቅል የምንለው ይህን ነው። በ21ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሚከሰቱት 224 የፀሐይ ግርዶሾች መካከል ድቅል የሆኑት 7 ብቻ ናቸው።

ይህ ብርቅ ክስተት አገራችንን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጎብኝቷታል። የመጀመሪያው መጋቢት 20 ቀን 1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 1987) የሆነው ነው። ጥላው ከደቡብ አርጀንቲና ተነሥቶ፣ አትላንቲክን ተሻግሮ፣ በጋቦን፣ በካሜሩን፣ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክና በሱዳን በኩል ኢትዮጵያን አቋርጦ፣ በጅቡቲና በሰሜን ሶማሊያ አበቃ። ግርዶሹ ሙሉ የሆነው በውቅያኖሱ ላይ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢበዛ ከ8 ሴኮንድ ላነሰ ጊዜ። በየብስ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ፣ ኢትዮጵያዊውም ጭምር፣ በመስመሩ ላይ ቆሞ ሊያይ የሚችለው ቀለበቱን ነበር።

ሁለተኛው ጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 2013) የዋለው ነው። ይህ ከፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ በስተ ምሥራቅ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ፀሐይ ስትወጣ ጀመረ። ለ15 ሴኮንድ ያህል ብቻ ቀለበታዊ ሆኖ ወዲያው ወደ ሙሉ ግርዶሽነት ተለወጠ፤ ከዚያም እስከ መጨረሻው ሙሉ ሆኖ ዘለቀ። ረጅሙ ቆይታ ከላይቤሪያ ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው ውቅያኖስ ላይ 1 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ገደማ ነበር። በጋቦን ወደ አንድ ደቂቃ፣ በሰሜን ዩጋንዳ በፓክዋች ወደ 20 ሴኮንድ ዝቅ አለ። የኬንያን ቱርካና ሐይቅ ተሻግሮ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ፣ ወደ ቦረና ምድር ሲገባ፣ ጥላው እየጠበበ፣ ጨለማውም ወደ ጥቂት ሴኮንዶች እየወረደ ሄደ። ሰዓቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። ከዚያ በሶማሊያ ፀሐይ ስትጠልቅ ግርዶሹም አብሮ አከተመ። በዚያች ሰዓት አዲስ አበባ የነበረ ሰው ያየው ከፊል ግርዶሽ ብቻ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሁለቱም በመዝገብ ላይ «ድቅል ግርዶሽ» ተብለው በአንድ ስም ተጽፈዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን የ1979ኙ ምስክር ቀለበት፣ የ2006ቱ ምስክር ጨለማ ይመሰክራል። ስሙ ስለ ምድር ሁሉ የሚናገር ነው፤ ምስክሩ የሚናገረው ግን ስለ ቆመበት ስፍራ ነው። ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት፣ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ የታየው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ቀለበታዊ የነበረ ሌላ ዓይነት ግርዶሽ ነው።

የግርዶሽ ጠባይ በጊዜ ውስጥም ይለወጣል። ከ18 ዓመት ከ11 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ በኋላ አንድ ግርዶሽ መሰሉን ያስከትላል፤ ይህን ዑደት ሊቃውንት ሳሮስ ይሉታል። የ2006ቱ ግርዶሽ የ143ኛው ሳሮስ ቤተሰብ አባል ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው፣ ጥቅምት 13 ቀን 1988 ዓ.ም. በሕንድና በታይላንድ የታየው፣ ሙሉ ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ ኅዳር 4 ቀን 2024 ዓ.ም. በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የሚሆነው እንደገና ድቅል ነው። ቤተሰቡ 12 ሙሉ ግርዶሾችን ካሳየ በኋላ በ4 ድቅል ግርዶሾች ድልድይነት ወደ ቀለበታዊነት ይሻገራል። በቦረና ሰማይ ላይ ያለፈው ከእነዚህ አራቱ የመጀመሪያው ነው።

ለታሪክ ጥናት ይህ ምን ያስተምረናል? ሁለት የአውሮፓ ምሳሌዎችን ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1715 ኤድመንድ ሃሌ ጥላው በእንግሊዝ ላይ የሚያልፍበትን መስመር አስቀድሞ በካርታ አሳትሞ፣ ሕዝቡ ያየውን እንዲጽፍለት ጠየቀ። ከየአጥቢያው በተላኩለት ቃሎች መሠረት የጥላውን ዳርቻ አርሞ ሌላ ካርታ አወጣ። ስሌቱን የሠራው ሊቁ ነው፤ ዳርቻውን ያቀናው ግን በየደጁ የቆመው ሰው ነው። ሁለተኛው ሚያዝያ 9 ቀን 1904 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 1912) የሆነው ድቅል ግርዶሽ ነው። ጨረቃና ፀሐይ በመጠን እጅግ ስለተቀራረቡ፣ ሙሉነቱ በፖርቱጋልና በፓሪስ አካባቢ ቢታሰብም በሴኮንዶች የሚቆጠር ነበር። ፖርቱጋላዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኮስታ ሎቦ በኦቫር ከተማ ክስተቱን በፊልም ቀርጾ፣ ከምስሎቹ የጨረቃን ቅርጽ ለመመርመር ተጠቀመበት። በእንዲህ ዓይነቱ ቀን የጨረቃ ተራሮችና ሸለቆዎች እንኳ ፍርዱን ይለውጣሉ፤ ብርሃን በሸለቆዎቹ ሾልኮ እንደ ዶቃ ይታያልና።

ግርዶሽ ለታሪክ ጸሐፊ የዘመን መልሕቅ መሆኑ የታወቀ ነው። የአሦር የዘመን አቆጣጠር የቆመው በቡር ሳጋሌ ሹመት ዓመት በተመዘገበው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ763 በሆነው ግርዶሽ ላይ ነው። ይሁን እንጂ መልሕቁ የሚይዘው መሬቱን ስናውቅ ነው። ኦፖልዘር እ.ኤ.አ. በ1887 ያሳተመው ታላቅ የግርዶሾች መዝገብ ለብዙ ዓመታት የታሪክ ጸሐፊዎች መሣሪያ ነበር። በካርታዎቹ ላይ ግን የጥላው መንገድ የሚታየው በሦስት ነጥቦች ላይ በተሳለ ቅስት ነው፤ በነጥቦቹ መካከል ያለው መስመር ከእውነተኛው መንገድ ሊርቅ ይችላል። በዚያ ካርታ ብቻ ተመርቶ «በዚህ ገዳም ጨለማ አልነበረም፤ ስለዚህ ጸሐፊው ዋሽቷል» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። የራሳችን ባሕረ ሐሳብም የጨረቃን ሌሊት በአበቅቴና በመጥቅዕ በጥንቃቄ ያሰላል፤ መቼ የሚለውን ይነግረናል። የት ለሚለው ጥያቄ ግን ሌላ እውቀት፣ ከሁሉም በላይ በቦታው የነበረ ሰው ያስፈልጋል።

እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ጥላው ያረፈበት የቦረና ምድር ሰማይን ማንበብ የማያውቁ ሰዎች አገር አይደለም። የቦረና አያንቱዎች በጨረቃና በከዋክብት ላይ የተመሠረተ፣ 12 ወራትና 27 የቀን ስሞች ያሉት አቆጣጠር ጠባቂዎች ናቸው፤ አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ስለ ገዳ በሚናገረው መጽሐፉ ጽፎታል። በታችኛው ኦሞ ያሉት ሙርሲዎች ደግሞ ያለንበት ወር የትኛው ነው በሚለው ላይ አለመስማማትን ራሱን የአቆጣጠራቸው አካል እንዳደረጉት፣ ዴቪድ ተርተንና ክላይቭ ራግልስ እ.ኤ.አ. በ1978 አሳይተዋል። ክርክሩ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ በኋላ የወንዙ ሙላትና የሰማዩ ምልክት ይፈታዋል። ስለ ተቃራኒ ምስክርነት ከእነርሱ የምንማረው ብዙ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የምጠይቀው ሥራ አለ። በ1979 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የነበረው ሰው ዛሬ ሽማግሌ ነው፤ ቃሉን ሳንሰበስብ ቢያልፍ የትኛውም ስሌት አይመልሰውም። ስትሄዱ የሚጠበቀውን መልስ አስቀድማችሁ አትንገሩት። የት ቆሞ እንደነበር፣ ፀሐይ ከአድማሱ ምን ያህል ከፍ ብላ እንደነበር፣ ኮከብ አይቶ እንደሆነ፣ ከብቱና ወፉ ምን እንዳደረገ ጠይቁት። «ጨለመ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለዩ፤ የ2006ቱ ግርዶሽ ቦረና የደረሰው ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ነውና፣ የግርዶሹ ጨለማና ምሽቱ በትዝታ ውስጥ ሊዋሐዱ ይችላሉ። ቃሉ ከካርታው ጋር ባይስማማ አትሰርዙት፤ ስፍራውን ጽፋችሁ አቆዩት።

የሰማዩን ጥላ መንገድ እስከ ሴኮንድ ክፍልፋይ ማስላት የሚችሉ አሉ። ከጥላው ሥር የነበሩት ሰዎች ያዩትንና የተረዱትን መመዝገብ ግን የእኛ የታሪክ ተማሪዎች ድርሻ ነው።