የጂቡቲ ከተማ ተሞክሮ፦ ፈጣን የወባ መመርመሪያ በሽታውን ሳያገኝ የሚቀረው ለምንድን ነው?

ትኩሳት ያለበት ሰው ወባ ይዞት እንደሆነ በ20 ደቂቃ ገደማ የሚያሳውቅ ቀላል መሣሪያ አለ፤ ፈጣን የወባ መመርመሪያ ይባላል። ኤሌክትሪክም ሆነ ማይክሮስኮፕ አይፈልግም፤ ከጣት ጫፍ የሚወሰድ ጠብታ ደም ይበቃዋል። ከከተማ ርቀው በሚገኙ የአፍሪካ ጤና ኬላዎች ሕክምና የሚጀመረው በአብዛኛው በዚህ ምርመራ ውጤት ነው። በጂቡቲ ከተማ ግን ይኸው መሣሪያ ወባ ያለባቸውን ሰዎች ነጻ ናቸው ብሎ ሊመልስ እንደሚችል ታይቷል።

መመርመሪያው እንዴት ይሠራል?

የወባ ጥገኛ ተሕዋስ በደም ውስጥ ሲራባ የተለያዩ ፕሮቲኖችን ያመነጫል። በመመርመሪያው ውስጥ ባለው ቀጭን ወረቀት መሰል ቁራጭ ላይ እነዚህን ፕሮቲኖች ለይተው የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት ተቀብተዋል። ደሙ ከፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ በቁራጩ ላይ ሲያልፍ የሚፈለገው ፕሮቲን ካለ ባለቀለም መስመር ይወጣል። ሁለተኛው መስመር የመቆጣጠሪያ መስመር ነው። እርሱ ካልታየ ውጤቱ ተቀባይነት ስለሌለው ምርመራው በሌላ መመርመሪያ ይደገማል።

በአፍሪካ በብዛት የተሰራጩት መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ኤችአርፒ2 የተባለውን ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚያመነጨው ብዙ ሰው የሚገድለው የወባ ዓይነት፣ ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም፣ ነው። ፕሮቲኑ በደም ውስጥ በብዛት ስለሚገኝ ምርመራው ለረጅም ጊዜ አስተማማኝ ሆኖ ቆይቷል።

የተሰወረው ምልክት

ችግሩ የመጣው ፕሮቲኑን የሚያስገኘው ዘረ መል ከአንዳንድ ተሕዋስያን በመጥፋቱ ነው። እንዲህ ያሉ ተሕዋስያን በሰው ላይ ሕመም ያስከትላሉ፤ ነገር ግን መመርመሪያው የሚፈልገውን ምልክት አያሳዩም። በፔሩ የአማዞን አካባቢ መገኘታቸው በአውሮፓውያኑ 2010 ይፋ ሆነ። በ2016 ደግሞ በኤርትራ በጊንዳዕና በምጽዋ ሆስፒታሎች በብዛት ተገኙ፤ አገሪቱም የምትጠቀምበትን መመርመሪያ ለወጠች።

በጂቡቲ በ2019 ከሕሙማን በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከፋልሲፓረም ተሕዋስያን ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይህ ዘረ መል እንደሌላቸው አመለከተ።

ምርመራው ራሱ ለስርጭቱ መንገድ ሊከፍት ይችላል። ዘረ መሉ ያለው ተሕዋስ በምርመራ ተገኝቶ በመድኃኒት ይጠፋል። የሌለው ግን ሳይታወቅ በሰውየው ደም ውስጥ ይቆያል፤ ትንኝም ወደ ሌላ ሰው ታሻግረዋለች። ይህ በተደጋገመ ቁጥር ከምርመራ የሚያመልጡት ተሕዋስያን ድርሻ እያደገ ይሄዳል።

ከተማ ያላመለጠ ወባ

ጉዳዩን በጂቡቲ ያከበደው ሌላ ለውጥ ነው። አገሪቱ በ2012 ያስመዘገበቻቸው የወባ ሕሙማን 27 ብቻ ስለነበሩ በሽታውን ለማጥፋት ተቃርባ ነበር። በዚያው ዓመት ግን ከደቡብ እስያና ከዓረብ ባሕረ ገብ መሬት የሚታወቀው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለ የትንኝ ዝርያ በከተማዋ ተገኘ። ይህ ዝርያ በውኃ ማጠራቀሚያ ጋኖች፣ በርሜሎችና በግንባታ ቦታ ባቆረ ውኃ ስለሚራባ ለከተማ ኑሮ የተመቸ ነው። በ2020 የሕሙማኑ ቁጥር ከ73 ሺህ በላይ ደረሰ።

ሁለቱም ለውጦች በኢትዮጵያ ታይተዋል። ትንኟ በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኝታለች። ከጂቡቲ በሚመጣው የባቡር መስመር ላይ በምትገኘው ድሬዳዋ ደግሞ በ2022 የመጀመሪያ አምስት ወራት ከ2,400 በላይ ሰዎች በወባ ታመዋል። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተና በ2021 የታተመ ጥናት፣ ከፋልሲፓረም ሕሙማን 10 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በዘረ መሉ መጥፋት ሳቢያ ከኤችአርፒ2 ምርመራ ሊያመልጡ እንደሚችሉ ገምቷል።

መፍትሔውና ጥንቃቄው

የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ምክንያት የሚያመልጡት ሕሙማን ከ5 በመቶ ሲበልጡ አገሮች በኤችአርፒ2 ብቻ የማይመሠረቱ መመርመሪያዎችን እንዲጠቀሙ ይመክራል። አማራጩ ኤልዲኤች የተባለውን ኢንዛይም የሚፈልግ መመርመሪያ ነው። ተሕዋሱ ኃይል ለማግኘት ይህን ኢንዛይም ስለሚፈልገው በቀላሉ ሊያጣው አይችልም። ይሁን እንጂ በደም ውስጥ ያለው ተሕዋስ ጥቂት በሚሆንበት ጊዜ ይህ ምርመራ ብዙውን ጊዜ እንደ ኤችአርፒ2 ጠንካራ አይደለም። በመሆኑም የሠለጠነ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ የሚያደርገው ምርመራ ዛሬም አስፈላጊ ነው።

ለሕመምተኛው ዋናው ነገር፣ ወባ የለም የሚል ውጤት የመጨረሻ ቃል አለመሆኑን ማወቅ ነው። የፋልሲፓረም ወባ ሳይታከም ከቆየ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊጸና ይችላል። ስለዚህ ትኩሳቱ ያልለቀቀው ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መመለስ፣ ከየት እንደመጣና የት እንደቆየ ለባለሙያው መናገር ይኖርበታል። በተለይ በጂቡቲና በኢትዮጵያ መካከል ለሚመላለሱ ሹፌሮች፣ ነጋዴዎችና ተጓዦች፣ ይህ መረጃ ባለሙያው ሌላ ዓይነት ምርመራ እንዲያዝ ምክንያት ሊሆነው ይችላል።