ከማይክሮስኮፕ እስከ አቼቶ፦ የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ እንዴት እኛ ዘንድ ደረሰ

የዛሬው የጤና ዝግጅታችን ስለ ማህፀን በር ካንሰር ነው። የበሽታውን ስም የሰማችሁ ብዙ ናችሁ፤ ዛሬ የመከላከያውን ታሪክ እንነግራችኋለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ስደተኛ ነው። ጆርጅ ፓፓኒኮላው የተባለ ግሪካዊ ሐኪም በ1913 ከባለቤቱ ጋር ኒው ዮርክ ሲገባ እንግሊዝኛ በቅጡ አያውቅም ነበር፤ ለእንጀራው ሲል ምንጣፍ እስከ መሸጥ ደርሷል። ኋላ በቤተ ሙከራ ሥራ አገኘና ከማህፀን በር የተጠረገ ፈሳሽ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የካንሰር ሕዋሳት እንደሚለዩ አስተዋለ። በ1928 ይህን ሲናገር ሰሚ አላገኘም። በ1943 መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ ግን ምርመራው በሀብታም አገሮች ተስፋፋ፣ በበሽታው የሚሞቱ ሴቶችም እጅግ ቀነሱ። ለጥናቱ ለዓመታት ናሙና ስትሰጥ የኖረችው ባለቤቱ አንድሮማኪ ነበረች። ስሟ አብሮ ቢጠራ ደግ ነበር።

ታዲያ ለእኛ ለምን ሳይደርስ ቀረ? ይህ ምርመራ ቤተ ሙከራ፣ ማቅለሚያ፣ የሰለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። ውጤቱ ሳምንታት ይወስዳል። «ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሺ» የተባለች እናት ያን ቀን የራሽን ሰልፍ ላይ ልትሆን ትችላለች፤ ወይ ልጅ ታሞባታል፣ ወይ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውራለች። በ2022 በዓለም ላይ 350,000 ያህል ሴቶች በዚህ ካንሰር ሞተዋል፤ ከ100 ሟቾች 94ቱ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ።

መፍትሔው ከወጥ ቤት መጣ ማለት ይቻላል። አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ በውኃ ቀጥኖ የማህፀን በር ላይ ሲቀባ፣ መለወጥ የጀመረ ቦታ በደቂቃ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይታያል። (እቤት መሞከር ግን ክልክል ነው፤ መጠኑንም ማየቱንም የሚያውቀው ባለሙያ ነው።) በዚምባብዌ ከ1995 እስከ 1997 አዋላጅ ነርሶች በ15 ጤና ጣቢያዎች ወደ 11,000 የሚጠጉ ሴቶችን በዚህ ዘዴ መረመሩ። ችግር ካለባቸው 100 ሴቶች 77 ያህሉን ለዩ፤ የማይክሮስኮፑ ምርመራ የለየው 44 ያህሉን ብቻ ነበር። በሌላ በኩል አቼቶው ጤነኛ የሆኑትንም ብዙዎች «ተጠርጣሪ» ይላል። ስለዚህ ነጭ ነገር ታየብሽ የተባለች እህት ካንሰር ያዘኝ ብላ አትደንግጥ።

«ነርስስ እሺ፣ የሰፈር ሰው ይችላል ወይ?» ለሚል መልሱ ሕንድ ውስጥ ተገኘ። በሙምባይ የድሆች ሰፈሮች ከ1998 ጀምሮ 150,000 ያህል ሴቶች በጥናት ተካተቱ። መርማሪዎቹ 10ኛ ክፍል የጨረሱና ለአራት ሳምንት የሰለጠኑ የጤና ሠራተኞች ነበሩ። ግማሾቹ ሴቶች በየሁለት ዓመቱ አራት ጊዜ ተመረመሩ፤ ግማሾቹ ትምህርት ብቻ ተሰጣቸው። ከ12 ዓመት በኋላ በተመረመሩት ዘንድ ሞቱ በ31 በመቶ አንሶ ተገኘ። ያልተመረመሩትን ሴቶች ነገር ብዙዎች ወቅሰዋል፤ እኛም ወቀሳው ተገቢ ነው እንላለን። በእነርሱ ዋጋ የተገኘውን እውቀት ሳንጠቀምበት ብንቀር ግን የባሰ ነው።

ሕክምናውም ቀሏል። ታይላንድ ውስጥ ሮይ ኤት በተባለ የገጠር አውራጃ ነርሶች 5,999 ሴቶችን መርምረው፣ የተለወጠ ቦታ የታየባቸውን አብዛኞቹን በዚያው ቀን በጋዝ በማቀዝቀዝ አከሙ። ይህ ለዓለም የተነገረው በ2003 ነው። በኢትዮጵያም በ2010 አካባቢ «አዲስ ተስፋ» በተባለ ፕሮጀክት ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች እንዲሁ በአንድ ቀን መመርመርና መታከም ጀመሩ። እነርሱ ቀድመው የታሰቡበት ምክንያት አለው፤ በዚህ ካንሰር የመያዛቸው ዕድል ከሌሎች ስድስት እጥፍ ነው።

የበሽታው መነሻ ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለ ቫይረስ መሆኑን በ1983 ያሳዩት ጀርመናዊው ሃራልድ ዙር ሃውዘን በ2008 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ክትባቱ በ2006 ወጣ። ሩዋንዳ በ2011፣ ኢትዮጵያ በ2018፣ ኬንያ በ2019 ለልጃገረዶች መስጠት ጀመሩ። «ያመክናል» የሚባለው ወሬ ሐሰት ነው፤ ክትባቱ መውለድን አይከለክልም።

አሁን ወደ እናንተ እንምጣ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እናቶች፣ ኤች አይ ቪ ካለባችሁ ደግሞ ከ25 ዓመት ጀምሮ፣ ወደ ክሊኒክ ስትሄዱ «የማህፀን በር ምርመራ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የለም ከተባላችሁ የት እንደሚላክ ጠይቁ። ምርመራው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሴት ነርስ እንድትመረምራችሁ ብትጠይቁ ነውር የለበትም። ባሎችም ያን ቀን ልጆቹን ያዙ፣ ውኃውንም ቅዱ። ከግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም የሚያያት እህት ግን የምርመራ ቀን ሳትጠብቅ ዛሬውኑ ትሂድ።