በርጩማ፣ ሲባጎና ማንኪያ

ባለፈው እሁድ ታናሽ እህቴ የወጥ ቤቱን በርጩማ ገልብጣ በሲባጎ ስትተበትብ እናታችን ደረሰችባት፡፡

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ካታፑልት፡፡ ድሮ ከተማ ሲከበብ ድንጋይ የሚወረውሩበት መሣሪያ ነው፡፡ እኔ ግን ሽምብራ ነው የምወረውርበት፡፡»

እናቴ ሳቀችና «ብለሽ ብለሽ ጠይብ መሆን አማረሽ!» ብላት ወጣች፡፡ ለቀልድ ነው ያለችው፡፡ እኔ ግን ቃሏ ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ፡፡ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፡፡

መጀመሪያ አሠራሩን፤ ቤታችሁ ውስጥ አምስት ሳንቲም ሳታወጡ ልትሞክሩት ትችላላችሁና፡፡ አራት እግር ያለው ትንሽ በርጩማ ገልብጡ፡፡ በሁለቱ የፊት እግሮች ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ በውጭ በኩል አንድ አግዳሚ እንጨት እሰሩ፡፡ ዝቅ ብላችሁ፣ ከመቀመጫው አራት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ ጠንካራ ሲባጎ በሁለቱ እግሮች ዙሪያ አራት አምስት ጊዜ ጠምጥማችሁ ቋጥሩ፡፡ በክሮቹ መካከል አጭር የእርሳስ ቁራጭ አስገቡና ሲባጎው እስኪከርር ድረስ ወደ ኋላ አሽከርክሩት፡፡ ከዚያ የእንጨት ማንኪያ እጀታ ከእርሳሱ ጎን ሰክታችሁ፣ ማንኪያውን አጥብቃችሁ እንደያዛችሁ እርሳሱን አውጡ፡፡ ማንኪያው አግዳሚውን ተደግፎ ይቆማል፡፡ ወደ ኋላ ሳቡት፣ ሽምብራ አስቀምጡበት፣ ልቀቁት፡፡ ወደ ሰው ፊት ግን አይሆንም፤ ድንጋይም አይሆንም፡፡

ምሥጢሩ ቀላል ነው፡፡ እጃችሁ ቀስ እያለ ያጠራቀመውን ጉልበት የከረረው ሲባጎ በአንድ ቅጽበት ይመልሰዋል፡፡ የጥንቶቹም ሥራ ይኸው ነበር፤ እነሱ በሲባጎ ፈንታ የእንስሳ ጅማትና ፀጉር ይጠቀሙ ነበር፡፡

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ፡፡ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት የሲራኩስ ገዢ ዲዮናስዮስ ከካርታጎ ጋር ለሚያደርገው ጦርነት ይዘጋጅ ነበር፡፡ ምን አደረገ? የታሪክ ጸሐፊው ዲዮዶሮስ እንደሚነግረን፣ ከሲሲሊ ከተሞች፣ ከጣልያን፣ ከግሪክ፣ ከራሷ ከካርታጎ ግዛት ሳይቀር በከፍተኛ ደሞዝ ባለእጆችን ሰበሰበ፡፡ በየሥራ ቦታቸው እየዞረ ያበረታታቸው ነበር፤ ለጎበዞቹ ሽልማት ይሰጣል፣ ከራሱ ማዕድ ጋብዞ ያበላል፡፡ ዲዮዶሮስ ካታፑልት እዚያ የተፈጠረው ምርጥ ባለእጆች ከየአገሩ አንድ ቦታ ስለተሰበሰቡ ነው ይላል፡፡ በ397 በሞትያ ከበባ ከባሕር ዳርቻ የተተኮሰው አዲስ መሣሪያ የካርታጎን መርከቦች አስደንግጦ መለሰ፡፡

የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ደጋኖች ነበሩ፤ የከረረ ጅማት የመጣው ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ነው፡፡ ኋላም በእስክንድርያ ነገሥታቱ ገንዘብ እያወጡ ባለእጆቹ እየሠሩ፣ እየፈተኑ፣ እያሻሻሉ ቀጠሉ፡፡ ፊሎ የተባለው መሐንዲስ የደረሱበትን ቀመር ጽፎልናል፡፡ የድንጋዩን ክብደት በ100 አባዝተህ ኪዩብ ሩቱን ታወጣለህ፤ አንድ አሥረኛውን ትጨምርበታለህ፤ ጅማቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ስፋት በጣት ልክ ይወጣልሃል፡፡ ስለዚህ 8 እጥፍ የሚከብድ ድንጋይ ለመወርወር ቀዳዳው 2 እጥፍ ቢሰፋ ይበቃል፡፡ ይህ ቀመር ከሰማይ አልወረደም፡፡ ቀዳዳውን ደጋግመው እያሰፉና እያጠበቡ ነው ያገኙት፡፡

እኛስ?

አጼ ቴዎድሮስ የዕደ ጥበብን ዋጋ አውቀው ነበር፡፡ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተው በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ አስጎትተውታል፡፡ ግን መድፉን እንዲሠሩ የታዘዙት ከአውሮፓ የመጡ ሚስዮናውያን ነበሩ፡፡ የአገሬው ብረት ቀጥቃጭስ? እሱ ማረሻውንም ጦሩንም እየሠራ «ቡዳ» ይባል ነበር፡፡ ማረሻውን ይወስዱለታል፣ ልጃቸውን ግን አይድሩለትም፡፡ ነገሩ የቱን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ ያወጁት! አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፡፡ ስድቡ ግን፣ ይኸው፣ እኛ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ቀልድ ሆኖ ይኖራል፡፡

ዲዮናስዮስ ጨካኝ አምባገነን ነበር፤ ካታፑልትም የሚገድል መሣሪያ ነው፡፡ ላመሰግነው አልፈለግሁም፡፡ ግን አንድ ነገር ገብቶታል፤ በእጁ የሚሠራን ሰው ካላከበርክ አዲስ ነገር አታገኝም፡፡ እየተሰደበ የሚሠራ ሰው ልጁ ሙያውን እንዳይወርስ ይመኛል፡፡ ልጁ ካልወረሰው ደግሞ አባትየው ዕድሜውን ሙሉ እየሞከረ ያወቀው ሁሉ አብሮት ይቀበራል፡፡

በነገራችን ላይ «ጠይብ» የሚለው ቃል የመጣው «ጠቢብ» ከሚለው ነው፡፡ ብልህ፣ አዋቂ ማለት ነው፡፡ ምርቃቱን ስድብ ያደረግነው እኛ ነን፡፡

ማታ የእህቴ ማንኪያ ሽምብራውን እግሯ ሥር ብቻ እየጣለ አስቸገራት፡፡ እናቴ ቆማ አየችና ሲባጎውን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው፡፡ «ላልቷል» አለች፡፡ ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ የፈተለች ሴት ናት፤ የከረረ ክር ከላላው በጣት ትለያለች፡፡ ፈትታ እንደገና አከረረችው፡፡ የሚቀጥለው ሽምብራ የግድግዳውን ሰዓት መታው፡፡

ታዲያ እቤታችን ጠቢቡ ማን ነው?