ምሕላና ዶማ በክፉ ቀን

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ያራቆተው ረኃብ «ክፉ ቀን» ተብሎ ቀርቷል። ጥፋቱ የጀመረው ከከብት ነው። ለጣሊያን ጦር በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር መጣ የሚባለው ደስታ የተባለው በሽታ መንጋውን ከሰሜን እስከ ደቡብ ጠረገው፤ ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ ሞፈርና ቀንበር ሥራ ፈታ። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተደራረቡ፤ ፈንጣጣውና ኮሌራው ደግሞ የተረፈውን ሰው ለቀመው። ሕዝቡም «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» ብሎ ምሕላ ያዘ።

ይህን አባባል እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አድርገው የሚተረጉሙት አሉ። የሆነው ግን ሌላ ነው። የማይበላው የፈረስና የአህያ ሥጋ ሳይቀር ተበልቷል፤ በሬ ያጣው ገበሬ መሬቱን በዶማ ቆፍሯል፤ አጤ ምኒልክም ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረዋል። ንጉሥ በቆፈረው ማሳ አገር አይጠግብምና ለታይታ ነው ሊባል ይችላል። ታይታ ቢሆንስ? አፈር መንካት ለመኳንንት ነውር በነበረበት ዘመን ከዚያ የሚበልጥ አዋጅ አልነበረም። ሁሉን በፈጣሪ እጅ ያደረገ ሰው የራሱን እጅ አላሰረም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ መከራን የኃጢአት ቅጣት ማለት በተራበው ላይ ጥፋተኝነት መጨመር ነው። ይህ እውነት ነው፤ የኢዮብ ወዳጆችም የተገሠጹት ምክንያቱን እናውቃለን በማለታቸው ነው። ነገር ግን ካህኑ እየመራ፣ ሕዝቡ እየሰገደ «እግዚኦ» የሚባልበት ምሕላ በዋናነት ልመና ነው፤ መከራው ለምን እንደመጣ ባይገባውም ሰው ምሕረት መለመን ይችላል። እግዚአብሔርን ማመን አንድ ነገር ነው፣ አሳቡን አውቄአለሁ ማለት ደግሞ ሌላ፤ በክፉ ቀን ትርክት ውስጥ ሁለቱ ስለተቀላቀሉ ትችቱ ሁለቱንም አንድ ላይ ይመታል።

መቀላቀሉ ዛሬም አልቀረም። ባላገሩ ሞቶና ተሰዶ ጦም ያደረውን የኤርትራ ደጋ መሬት ጣሊያኖች ለሰፋሪዎቻቸው ወሰዱት፤ የዚያው አገር ሹም ባሕታ ሐጎስ በ1887 ዓ.ም. በጣሊያኖች ላይ ያመፁበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ በዓመቱ የዐድዋ ድል ሆነ። ከድሉ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ረኃቡንም የእግዚአብሔር ዕቅድ አካል ማድረግ ይቻል ይሆናል። እኔ አልደፍረውም፤ እንዲህ ያለውን ሒሳብ የሚሠራው ከረኃቡ የተረፈው ሰው ነውና።